የራሳችን ይዞታ ላይ ዒላማ መትቶ መጫወት ይቻላል? (ሰሜን ሸዋ)

የባሶና ልጅ | ኅዳር 4፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ለአንዳንዶቻችሁ የቅብጠት ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ከልቤ ነው የምጠይቀው።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ከተማ ነው። ከከተማው በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ወጣ ብሎ፣ ባሶና ወራና ውስጥ፣ የእናቴ መሬት አለ። ስድስት ጥማድ ቢሆን ነው። ላይኛው ገብስና ባቄላ ይዘራበታል፤ ታችኛው ጫፍ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከባሕር ዛፉ ሥር ደግሞ ለምንም የማይሆን ገደላማ ሸለቆ አለ። አጎቴ ፈቃድ ያለው ክላሽ አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስሄድ እሱና እኔ ሸለቆው ውስጥ ቅል ሰቅለን አምስት አምስት ጥይት ብንተኩስ ማን ምን ይለናል? አደን አይደለም፤ የሠርግ ተኩስም አይደለም፤ ዝም ብሎ ዒላማ። በዩቲዩብ እንደማየው የአሜሪካ ገበሬ ጓሮው ውስጥ ቆርቆሮ ደርድሮ ሲመታ ይውላል፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

የእኛ ሕግ ምን ይላል? የወረዳ ደንብ አለው ወይስ የክልል ነው? የምታውቁ ንገሩኝ።

ጉም በጣርማበር | ኅዳር 4፣ ማታ 2፡58

አምስት ጥይት ለአንድ ቅል? ወንድሜ፣ የጥይት ዋጋ ጠይቀህ ታውቃለህ? ቅሉን ሳይሆን የአጎትህን በግ ነው እየመታህ ያለኸው።

አዲስ ገብ | ኅዳር 4፣ ማታ 3፡05

የትኛው ሰሜን ሸዋ? እኔ ከፍቼ ነኝ። እኛም ሰሜን ሸዋ ነን እኮ!

የባሶና ልጅ | ኅዳር 4፣ ማታ 3፡11

@አዲስ ገብ፣ ይቅርታ፤ የአማራ ክልሉን ማለቴ ነው። መልሱ ይለያይ ይሆን?

አንቀጽ ፈላጊ | ኅዳር 5፣ ጠዋት 1፡20

ጠበቃ ነኝ፤ ግን የምጽፈው ለጠቅላላ ግንዛቤ ነው። ጉዳይ ያለበት ሰው ወረቀቱን ይዞ ባለሙያ ያነጋግር።

ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር። መሬቱን በተመለከተ ይለያያል፤ የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ 252/2009 ነው፤ ኦሮሚያም የራሱ አለው። መሣሪያውን በተመለከተ ግን ፍቼም ባሶናም አንድ ነው፤ ስለ ጦር መሣሪያ መያዝ ሕግ ማውጣት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ለፌዴራል መንግሥት የተሰጠ ሥልጣን ነውና። ስለዚህ «የወረዳው ደንብ» እያልክ አትድከም። ወረዳና ቀበሌ ያስፈጽማሉ እንጂ «እዚህ ሸለቆ ውስጥ ተኩሱ» የሚል ሕግ አያወጡም። አሁን የሚሠራበት በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ነው። መነሻ ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው። የተፈቀደልህ ካለ ደግሞ የተፈቀደው ለአንተ፣ ለዚያ መሣሪያ ነው።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄህ የሚሰነጠቀው። አጎትህ በራሱ መሣሪያ መተኮሱ አንድ ነገር ነው። አንተ የእሱን ክላሽ ተቀብለህ ቃታ መሳብህ ሌላ ነገር ነው። ፈቃድ እንደ ማረሻ ለጎረቤት አይዋስም። «ከአጠገቤ ቆሞ ነበር» የሚለው መከላከያ ፍርድ ቤት ፊት ምን ያህል እንደሚቆም ለማየት እኔ በበኩሌ በደንበኛዬ አልሞክረውም።

ሌላው «የራሳችን መሬት» ያልከው ነው። አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። እናትህ ያላቸው የይዞታ መብት ነው፦ ያርሳሉ፣ ያከራያሉ፣ ያወርሳሉ፣ ያለ ካሣ አይነሡም። ትልቅ መብት ነው፤ አላቃልለውም። ግን በዩቲዩብ ያየኸው ሰውዬ «ግቢዬ ውስጥ የፈለግኩትን» ሲል የሚደገፍበት ዓይነት ባለቤትነት አይደለም። የእርሻ ይዞታ የተሰጠው ለእርሻ ነው። ቋሚ የተኩስ ሜዳ ላድርገው ካልክ ደግሞ ከፖሊስ በፊት የመሬት አስተዳደሩ ይጠይቅሃል።

ለመሆኑ የይዞታ ደብተሩ በማን ስም ነው?

ባና ለባሽ | ኅዳር 5፣ ጠዋት 3፡02

ልጄ፣ እኔ የመንዝ ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬ ከሰባው አልፏል። ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ ስህተት ካለ የእሱ ነው።

በጃንሆይ ዘመን ነጭ ለባሽ የሚባል የባላገር ጦር ነበር። አባቴም ነበሩ። ዒላማ ይመታ ነበር፤ አልነበረም አልልህም። ለበዓል ቀን ከዛፍ ላይ እንቁላል ይንጠለጠላል፤ አልሞ ተኳሹ ይለያል፤ የመታው ይፎክራል። ግን አንድ ሰው አንድ ጥይት ነው፤ ሁለተኛ የለም። ለምን ብትል፣ አባቴ በጠላት ወረራ ጊዜ ከእነ ራስ አበበ አረጋይ ጋር በረሃ የወረዱ ሰው ናቸው። ያኔ ጥይት የሚገኘው ከጠላት ተማርኮ ነው። አሥር ፍሬ ያለው ሰው ሀብታም ነው። ቀለሁን እንኳ አይጥሉትም፤ ተሞልቶ ይመለሳል። እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ ጥይት በከንቱ የሚያጠፋ ሰው ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁር ነበር። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ትላላችሁ፤ ከአፈሙዝ የወጣውን ግን አፋፍም አይመልሰው ይሉን ነበር።

ውጅግራቸው አሁንም ቤት አለ፤ ግድግዳ ላይ። አይተኩስም። ምዝገባ ሲመጣ ለእሱም ጠይቀውናል።

ዳላስ ጥግ | ኅዳር 5፣ ማታ 4፡30

ሰላም ወገኖቼ። የአንኮበር ልጅ ነኝ፤ ቴክሳስ 19 ዓመቴ ነው። የዩቲዩቡን ነገር እኔ ልመልስ፤ እዚህ የአንድ ጓደኛዬ አማት ከከተማ ውጭ መሬት አላቸው፤ ሄጄ ተኩሻለሁም።

አሜሪካ ውስጥ «ማንም ዞር ብሎ አያየውም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ሕጉ ክልል በክልል ይለያል፤ እዚያው ክልል ውስጥ ከከተማና ከአውራጃ ጋር ይነካካል። የቴክሳሱን ላውራ። ከተማ እየሰፋ ገጠሩን ሲጠቀልል በዚያ ገጠር መሬት ላይ ተኩስ እንዳይከለክል ሕጉ ይገድበዋል፤ ግን የመሬት መጠን ቆጥሮ ነው። ለአደን ጠመንጃ፣ ማለትም ፍንጥር ለሚተኩሰው፣ መሬቱ ቢያንስ 10 ኤከር መሆን አለበት፤ ከጎረቤት ሰው መኖሪያም ከ150 ጫማ በላይ መራቅ አለብህ። ለጠመንጃና ለሽጉጥ 50 ኤከርና 300 ጫማ ይላል። ከከተማ ውጭ ደግሞ አውራጃው 10 ኤከርና ከዚያ በታች ሆነው በተከፋፈሉ የመኖሪያ ቦታዎች ላይ ተኩስ መከልከል ይችላል። ፍሎሪዳ ሌላ ነው፤ በአንድ ኤከር አንድ ቤትና ከዚያ በላይ ባለበት የመኖሪያ ሰፈር ለመዝናኛ መተኮስ ወንጀል ነው።

ከሁሉ የገረመኝን ልንገራችሁ። ቴክሳስ ውስጥ እርሳሱ የመሬትህን ወሰን አልፎ ከሄደ፣ ማንንም ባይነካ እንኳ፣ ማለፉ ብቻውን ያስቀጣል። የሚያድንህ የወዲያኛው መሬትም ያንተ ከሆነ ወይም ጎረቤትህ በጽሑፍ ከፈቀደልህ ነው። የጓደኛዬ አማት በቡልዶዘር ቤት የሚያክል የአፈር ክምር አስቆልለው ነው ቆርቆሯቸውን የሚደረድሩት። ያ አፈር ቪዲዮው ላይ አይታይም።

አሁን ሒሳቡን ሥሩ። 50 ኤከር 20 ሄክታር ገደማ ነው። በእኛ አገር አቆጣጠር 80 ጥማድ። የእናትህ ስድስት ናት።

ጉም በጣርማበር | ኅዳር 5፣ ማታ 4፡41

80 ጥማድ! እኛ ቀበሌ ቢሆን በ80 ጥማድ ላይ አርባ አባወራ፣ ሁለት ታቦትና አንድ ትምህርት ቤት አለ። ክሱም እንዲሁ በቁጥር ይመጣል።

አንቀጽ ፈላጊ | ኅዳር 5፣ ማታ 5፡10

የዳላሱ ወንድማችን ጥሩ አድርጎ አስቀመጠው። እዚያ ሕጉ ርቀትና ስፋት ይለካል፤ መነሻው ሰፊ መሬት ያለው ሰው ነው። የእኛ ሕግ የሚጀምረው ከመሣሪያው ነው። ጫማ ቆጥሮ «ከዚህ በላይ ከሆነ ተኩስ» የሚልህ የለም። ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ካልተከለከለ ተፈቅዷል» ይላል። አይደለም። ነገሩ የሚመጣው በኋላ በር ነው።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543ን እዩት። በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እሥራት ወይም መቀጮ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ማንበብ ያቆማል። ወረድ ብሎ ግን፣ ግልጽ ሕግ ወይም ደንብ ሆነ ብሎ ተላልፎ ከሆነ፣ ወይም በመጠጥ ራሱን ስቶ ከሆነ፣ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ይሆናል። አሁን የቅዳሜውን ሸለቆ በዓይነ ኅሊናህ ሳለው። ፈቃዱ የአጎትህ ነው፤ የተኮስከው አንተ ነህ፤ አጠገባችሁ የጠላ ማሰሮ አለ። ሦስት ዓመቷ ስትሸሽ ይታይሃል።

ሰው ባይሞትም በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2028 አለ፦ በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ይክሳል። የጎረቤት በሬ ቢሆን እንኳ በሬው በሬ ነው፤ በተለይ የጅሩ በሬ ከሆነ ዋጋውን አትጠይቁኝ።

የእነዋሪ ስንዴ | ኅዳር 6፣ ጠዋት 12፡50

የጅሩ በሬ ሲባል ሰማሁ። በሬያችንን ከዚህ ክር አውጡልን 😄

ከምሬ ግን፣ እኛ ጋ መሬቱ ሜዳ ነው፤ ጥቁር አፈር። የክላሽ እርሳስ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። በሜዳ ላይ ምን ይመልሰዋል? ስንዴ አይመልሰው። ሸለቆ ያለው ቢያንስ የሚከልለው አለው ብዬ ነው። ተሳስቼ ይሆን?

እረኛ ነበርኩ | ኅዳር 6፣ ጠዋት 2፡15

ተሳስተሻል እህት ዓለም፤ ወይም ተሳስተሃል፤ ስንዴ ጾታ የለውም። የባሶና፣ የጣርማበር፣ የመንዝ ሸለቆ ግድግዳው አፈር አይደለም፤ ጥቁር ድንጋይ ነው። እርሳስ ድንጋይ ሲነካ ይነጥራል። ወዴት እንደሚነጥር ተኳሹም አያውቅ፤ ድንጋዩም አያውቅ።

አሁን ለባሶናው ልጅ። ጠበቃው አንቀጽ ነገረህ፤ የዳላሱ ስፋት ነገረህ። እኔ ጥር ላይ ምን እንደሚሆን ልንገርህ። ገብስህ ታጭዶ ነዶው ወደ አውድማ ከሄደ በኋላ ያ ስድስት ጥማድ የማን ነው? የመንደሩ ከብት ሁሉ ነው። ቃርሚያው ላይ ማንም «ልግባ ወይ?» ብሎ አይጠይቅህም፤ አንተም አትከለክልም፤ ያንተ አጎት በሬም ያን ሰዓት የሰው ማሳ ውስጥ ነው ያለው። አጥር የለም። ያለው የድንበር ድንጋይና እርከን ነው፤ እርከኑ ላይ ደግሞ የገበያ አቋራጭ ያልፋል። ቅዳሜ ነው አይደል ያልከው? ቅዳሜ ገበያ ነው እኮ!

«ለምንም የማይሆን» ያልከውን ሸለቆ ደግሞ እኔ ከአንተ በላይ አውቀዋለሁ፤ ያንተን ባላየውም። ሸለቆ ነፋስ ያለበት ቀን እረኛ የሚጠለልበት ነው። ጠቦት ከጠፋ የሚፈለገው እዚያ ነው። ጭራሮ የሚለቀመው እዚያ ነው። ሴቶችና ልጃገረዶች ለሌላም ጉዳይ ይወርዳሉ፤ ቤት ውስጥ መጸዳጃ የሌለው ብዙ ነውና ልቅም አድርጌ ልናገረው። አንተ ባዶ የምትለው ቦታ እኛ ዓይን እንዳያየን የምንሄድበት ነው። ስለዚህ ተኳሹ ዓይኑ ምንም ያህል ስለታም ቢሆን እዚያ ያለውን ሰው አያይም፤ ሰውየው እዚያ የሄደው እንዳይታይ ነው።

ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አንዲት ፍየል ጠፍታብኝ ሸለቆ ውስጥ እየተጣራሁ ነበር። ከላይ አንድ የሰፈራችን ሰው አዲስ የገዛውን ምንሽር «ይሄዳል ወይ» ብሎ ሲሞክር ነው። ተኩሱን ከመስማቴ በፊት የሰማሁት ቀጭን ፉጨት ነበር፤ ከጆሮዬ በላይ። ፉጨቱ ካለፈ በኋላ ነው ድምፁ የመጣው። ድንጋይ ሥር ተኛሁ፤ ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ማታ ለእናቴ ስነግራት ሰውዬው ቤት ሄዳ ምን እንዳለችው አላውቅም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ስታየኝ ጭንቅላቴን ትዳብስ ነበር። ፍየሏን በማግሥቱ አገኘናት። ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዳኛ ፊት ቢቀርብ «ሰው አልነበረም» ነበር የሚለው፤ ደግሞም ከልቡ ነው የሚለው።

ወይናደጋ | ኅዳር 6፣ ቀትር 6፡22

እኔ ከሸዋ ሮቢት ነኝ፤ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ሁላችሁም ስለ እርሳሱ ታወራላችሁ፤ እኔ ስለ ድምፁ ልጠይቅ።

በሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ ከ10 ወር በኋላ አበቃ፤ የጥይት ድምፅ ግን ከሰው ሰውነት ውስጥ በአዋጅ አይወጣም። ከዚያም በፊት ቢሆን እኛ ወገን፣ በቀወትና በኤፍራታና ግድም፣ ብዙ አይተናል። ዛሬ ከሩቅ አንድ ተኩስ ከተሰማ ገበያ ይበተናል፤ ሱቅ ይዘጋል፤ እናት ልጇን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ትሮጣለች። የታጠቀ ሰው ደግሞ ድምፁ ወዳለበት ይሄዳል፤ ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ከየትኛውም ወገን ሊሆን ይችላል። አንተና አጎትህ ቅል ሰቅላችሁ ስትስቁ የሚመጣባችሁን ሰው «ዒላማ ነው፣ ለጨዋታ ነው» ብላችሁ የምታስረዱበት ጊዜ ይኖራችኋል?

ምጥ ላይ የነበረች ሴት ተኩስ ሰምታ ከአልጋ ስትወርድ አይቻለሁ። ስለዚህ ሕጉ ፈቀደም አልፈቀደም እኔ ብሆን አላደርገውም። ቅር አይበልህ ወንድሜ።

ዳላስ ጥግ | ኅዳር 6፣ ማታ 3፡50

ይህን ካነበብኩ በኋላ የትናንቱን ሒሳቤን አፈርኩበት። እዚህ ጎረቤት ተኩስ ሲሰማ «እገሌ ቅዳሜውን ጀመረ» ይላል። እዚያ ትርጉሙ ሌላ መሆኑን ረስቼዋለሁ። ከወጣሁ ቆየሁ ማለት ነው።

ነፍጥ ወዳድ | ኅዳር 7፣ ጠዋት 4፡00

እናንተ ሰዎች ልጁን አስፈራራችሁት። የሸዋ ሰው ከመሣሪያ ጋር ነው ያደገው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዝ መልእክተኛ ጠመንጃ ሲቀበሉ እኮ በፈረንጅ 1841 ነው! የምኒልክ የመሣሪያ ግምጃ ቤት ቆረማሽ ነበር፤ እዚሁ ሐገረ ማርያም ከሰም። መተኮስ የማያውቅ ሰው መሣሪያ ቢይዝ ይበልጥ አደገኛ ነው። ልምምድ ያስፈልጋል። ልምምድ ደግሞ የት ይሁን? ቤት ውስጥ?

ባና ለባሽ | ኅዳር 7፣ ከሰዓት 9፡15

ነፍጥ ወዳድ፣ ያልከው ታሪክ ልክ ነው። ግን ቆረማሽ ግምጃ ቤት የተባለው ተቆልፎ ስለሚጠበቅ ነው እንጂ ስለሚተኮስ አይደለም። ዘበኛ ነበረው፤ ቁልፍ ነበረው፤ የሚቆጥር ሹም ነበረው። ዛሬ «ቁጥጥር» ስትሉት የሰማሁት ያው እሱ ነው። ንጉሡ ቆጥረው ነበር የሚሰጡት።

በልምምዱ ላይ አልከራከርህም። ጥያቄህ ጥያቄ ነው።

አንቀጽ ፈላጊ | ኅዳር 7፣ ማታ 1፡30

@ነፍጥ ወዳድ፣ የጥያቄህ እውነት እንዳይጠፋ። ፈቃድ ያለው ሰው መሣሪያውን በደንብ መያዝ ማወቅ አለበት። ሚሊሻ ሥልጠና ሲሰጠው በተመረጠ ቦታ፣ በታወቀ ቀን፣ ሕዝቡ ተነግሮት ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የሚመለከተው አካል ያውቃል፤ መንደሩ ያውቃል፤ እረኛው ያን ቀን ሌላ ቦታ ይውላል። ግለሰብ በራሱ ቅዳሜ ያን ማድረግ አይችልም።

ለባሶናው ልጅ አንድ ነገር ልጨምር። ከሁሉ በፊት ሄደህ መጠየቅ ያለብህ የወረዳህን ፖሊስ ነው። አጎትህ ፈቃዱን ይዞ ይሂድ፤ አንተም አብረኸው። ፈቃዱ ላይ ለምን እንደተሰጠ አንብቡት። ዕድሳቱም ያላለፈ መሆኑን እዩ፤ ብዙ ሰው «ፈቃድ አለኝ» ሲል ያረጀ ወረቀት ነው የሚያሳየው። የምትጠይቁትን በቃል ሳይሆን በማመልከቻ አድርጉት፤ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል «ችግር የለውም» ያለህ ሰው በችግሩ ቀን ተዛውሮ ነው የምታገኘው።

መንዝ ጓሳ ሥር | ኅዳር 8፣ ጠዋት 2፡44

ለማስታወስ ያህል ነው፤ ጓሳ አካባቢ ያላችሁ ሰዎች ይህን ክር አንብባችሁ እንዳትሞክሩት። ጓሳው ቄሮ በሚባለው የአገሩ የጥበቃ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመት በማኅበረሰቡ ተጠብቆ የኖረ ነው፤ ዛሬም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ቀይ ቀበሮ አለ፤ ጭላዳ አለ። ዳር ላይ ይዞታ ያለው ሰው «የእኔ ማሳ ነው» ብሎ ቢተኩስ ከዱር እንስሳት ሕጉ በፊት የሚመጣበት የአገሩ ሽማግሌ ነው።

ጉም በጣርማበር | ኅዳር 8፣ ጠዋት 2፡51

ጭላዳው ራሱ ድንጋይ አንከባሎ ይመልስለታል።

የባሶና ልጅ | ኅዳር 19፣ ማታ 2፡05

ጠፋሁ፤ ይቅርታ። ቅዳሜ ሄጄ ነበር፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

ሄጄ መጀመሪያ የጠየቅሁት የጠበቃውን ጥያቄ ነው፦ ደብተሩ በማን ስም ነው? በእናቴ ነው፤ ደህና። ግን እናቴ ያልነገረችኝ ነገር ነበር። ታችኛውን ማሳ፣ ከባሕር ዛፉ ጋር የሚዋሰነውን፣ ከአምና ጀምሮ ለጎረቤታችን በእኩል ሰጥታዋለች። «አንተ መች ጠየቅኸኝ?» አለችኝ። ለካ እኔ ቅል ልሰቅልበት ያሰብኩት ሸለቆ አፍ ላይ የሚያርሰው ሌላ ሰው ነው። ይዞታው የእኛ፣ እርሻው የእሱ፣ ቃርሚያው የመንደሩ። እረኛ ነበርኩን አመሰግናለሁ።

አጎቴን ስለ ፈቃዱ ጠየቅሁት። አወጣና አሳየኝ፤ ዕድሳቱ አልፎበታል! እሱ ራሱ አያውቅም ነበር። «ሰኞ እሄዳለሁ» አለ፤ ሄዷልም። እዚያ ያለው ሹም ስለ ዒላማ ሲጠይቀው ሳቀ አለኝ። ከሳቀ በኋላ ግን በአክብሮት ነው የመለሰለት፦ መሣሪያህን አድስ፣ ቤትህ አስቀምጥ፣ ልጁ እንዳይነካው፣ ተኩስ የሚባል ነገር እንዳይሰማ። በጽሑፍ ስጡኝ ቢል «የምንጽፈው ከፈቀድን ነው» አሉት።

ከዚያ በፊት ግን ቅዳሜ ዕለት ሸለቆው ውስጥ ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ዝም ብዬ ማየት ፈልጌ ነበር። ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት አሥራ አንድ ሰው አለፈ። አንዷ ጭራሮ የተሸከመች ትንሽ ልጅ፣ የእኩል አራሻችን ልጅ፣ እኔ ቅል ይሰቀልበታል ካልኩት ቦታ ጀርባ ነው የወጣችው። ከፊቷ ቆሜ ሳልናገር ቀረሁ። ስለ ጥይት ከዚያ በኋላ አላሰብኩም።

ቅሉን ግን ሰቀልነው። የልጅቱ ወንድም ወንጭፍ ነበረው። እኔ ስምንት ጊዜ ወርውሬ አንዴም አልነካሁት፤ አንዱ ድንጋይ ወደ ኋላዬ ሄደ። እሱ ሦስተኛው ላይ ሰነጠቀው።

ጉም በጣርማበር | ኅዳር 19፣ ማታ 2፡12

ልጁ የወንጭፍ ፈቃድ አለው? ዕድሳቱስ?

ወይናደጋ | ኅዳር 19፣ ማታ 2፡30

ስለ ልጅቷ ስላነሳህ አመሰግናለሁ።

ባና ለባሽ | ኅዳር 20፣ ጠዋት 1፡10

ስምንት ጊዜ ስተሃል ማለት የለቀቅኸው ዘግይተህ ነው። ወደ ኋላ የሄደው ደግሞ ቀድመህ ለቀኸው ነው። ለመሆኑ ወንጭፉ የቃጫ ነው የሱፍ? ልጁን ጠይቅልኝ፤ ማን እንደገመደለትም ጠይቅ።